የሮኬተኞች ወረፋ

ባሌ ሮኬት ይሠራ ነበር። ይህን ስናገር ሰሚው ሁሉ ነጭ ጋውን የለበሰ፣ መንግሥት የሚፈልገው ሊቅ ይመስለዋል። ባሌ ከሜሪላንድ ወንዙን ተሻግሮ ባለው አሌክሳንድርያ ውስጥ የሕንፃ ፕላን የሚባዛበት ሱቅ ተቀጥሮ ቀኑን ሙሉ የአሞኒያ ሽታ ሲምግ የሚውል ሰው ነበር። ሮኬቱን የሚሠራው ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ማንም ሳያስገድደው፣ እንደሱ ማረፊያ ቀናቸውን ከሚያባክኑ ወንዶች ጋር ነው። እኔ በዚያን ጊዜ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ የነርስ ረዳት ነበርኩ። ሳምንቱን ሙሉ ሽማግሌ ሳገላብጥ ሰንብቼ ቅዳሜ ቤቴ ስገባ ባሌ የለም። የት ሄደ? ሮኬት ሊያጣብቅ።

ነገሩ የመጣው ከዚያው ከሱቁ ነው። አንድ ጢማም የመንግሥት ሠራተኛ በእጁ የሳለውን የሮኬት ንድፍ ሊያባዛ ይመጣል። ባሌ አገር ቤት የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ አስተማሪ ስለነበር ንድፉን አይቶ ዝም ማለት አቃተው። «ይቅርታ አድርግልኝና፣ የማያገባኝ ነገር ውስጥ መግባቴ ነው እንጂ፣ ክንፎቹ ትንሽ አላነሱም?» አለው። ጢማሙ ንድፉን አየ፣ ባሌን አየ፣ ከዚያ ቅዳሜ ጋራዡ ድረስ እንዲመጣ ጋበዘው። ያን ቀን ባሌ ሲገባ ፊቱ በርቶ ነበር። እዚህ አገር ከመጣን ጀምሮ ያውቃል ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ደስታው ገብቶኛል። ደስታው ለምን በወረቀት ቱቦ በኩል እንደመጣ ነው ያልገባኝ።

አንድ ቅዳሜ ጉዳቸውን ልይ ብዬ አብሬው ሄድኩ። ጋራዡ ውስጥ መኪና የለም፤ መኪናው ዝናብ ላይ ቆሟል። ውስጡ ሥራ ያላቸው፣ ሚስት ያላቸው፣ ፀጉራቸው የሸበተ ወንዶች ጠረጴዛ ከበው ቆመዋል። አንዱ የጥርስ ሐኪም ነው፤ እነዚያን ጣቶቹን እንጨት ላይ ያንሸራሽራቸዋል። ቱቦው ከወፍራም ወረቀት ነው፤ ክንፎቹ ከኮምፔንሳቶ። ክንፉን በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋሉ፣ ይቀባሉ፣ እስኪደርቅ ቆመው ያዩታል፣ ሲደርቅ ደግሞ የቀቡትን መልሰው ይፈገፍጋሉ። ለምን ትቀቡታላችሁ ታዲያ ብዬ ብጠይቅ ጢማሙ አየር እንዴት ክንፍ ላይ እንደሚንሸራተት ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ አስረዳኝ። አንዱ ስለ ሙጫ ሲናገር ሌሎቹ ስብከት እንደሚሰማ ምእመን ጸጥ ይላሉ። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይላል የኛ ሰው፤ እነዚህ ግን ቆባቸውን ሰማይ ሰደው፣ ተቀዶ ሲወርድላቸው ነው የሚሰፉት።

ከሁሉም የባሰው ፓራሹቱ ነው። ሮኬቱ ሲመለስ እንዳይከሰከስ ከሆዱ ውስጥ የሚዘረጋ ጨርቅ አለ፤ ተጣጥፎ ሲገባ እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ የሕፃን ፓውደር ይነሰንሱበታል። የጥርስ ሐኪሙ እስከ ክርኑ ነጭ ሆኖ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ያን ጨርቅ ሲያገላብጥና ሲያጥፍ አየሁት። በኋላ ሚስቱን ሳገኛት ነገርኳት። ባሏ የገዛ ልጁን ቂጥ አንድ ቀን ፓውደር ነስንሶ እንደማያውቅ ነገረችኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ እሷ ግን እንደኔ ከልቧ አልሳቀችም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ «ከነዚህ ሰዎች ምንድን ነው የምትፈልገው?» አልኩት።

ባሌ ቶሎ የሚመልስ ሰው አይደለም። ድልድዩን ተሻግረን ሜሪላንድ ስንገባ ነው አፉን የከፈተው። «አስተማሪ ሳለሁ፣ ወደ ኋላ የገፋ ወደ ፊት ይገፋል የሚለውን ሕግ ስንት ዓመት አስተማርኩ» አለኝ። «ፊኛ ነፍቼ እለቅላቸዋለሁ። ፊኛዋ ትጮህና ጣራ መትታ ትወድቃለች። ልጆቹ ይስቃሉ። ሌላ የማሳየው ነገር አልነበረኝም። አሁን አንድ ቀን፣ እኔ በእጄ የሠራሁት ትልቅ ነገር ከመሬት ሲነሣ ቆሜ ማየት እፈልጋለሁ። ሌላ አይደለም፤ ማየት ብቻ።»

«ላም አለኝ በሰማይ» አልኩት።

እሱም ሳቀ። ግን ሰምቼዋለሁ። ይህ ሰው በሕይወቱ ይህን እፈልጋለሁ ብሎ የነገረኝ ነገር በጣት የሚቆጠር ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሮኬቱን እንደናቅሁ፣ ሮኬተኞቹንም እንደናቅሁ፣ መነሣቱን ግን ፈለግሁ።

እንዲሁ አይነሣም ደግሞ፤ ሕግ አላቸው። ትልቁን ሞተር ለማስነሣት የሮኬተኞቹ ክለብ ፊት፣ በክለቡ ማሳ፣ ምስክር ቆሞ አንዴ በደህና ማስወጣትና ማውረድ ያስፈልጋል። ያን ያደረገ ሙሉ አባል ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይጠይቀውም። ያላደረገው እንግዳ ነው። ባሌ እንግዳ ነበር። እንግዳ ደግሞ በባሌ ቋንቋ አገልጋይ ማለት ነው። አንዱ «እስቲ ይህችን ክንፍ ያዝልኝ» ይለዋል፣ ይይዛል። ሌላው «ይህችን ፈግፍግልኝ» ይለዋል፣ ይፈገፍጋል። በጋው ሲያልቅ የሁሉም ሮኬት በባሌ ክንድ እንደ መስታወት ለስልሶ የሱ ራሱ ገና ቱቦ ነበር።

ምሳ ቋጥሬ እሰደው ነበር። በኛ ደንብ ሰው ፊት ብቻህን አትበላም፤ «እንብላ» ትላለህ። የተጋበዘውም ደንቡን ያውቃል፤ «ብሉ፣ አሁን በልቼ መምጣቴ ነው» ይላል። ትለምነዋለህ፤ እምቢ ይላል፤ በሞቴ ትለዋለህ፤ ያኔ አንድ ጉርሻ ይቀምስልህና ሁላችሁም ተከባብራችሁ ትበላላችሁ። ባሌ ሣህኑን ለጢማሙ ዘርግቶ «እንብላ» አለው። ጢማሙ አመሰገነና ሣህኑን ከነሹካው ተቀበለው። ባሌ ቆሞ አየው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት ሣህን ቋጠርኩለት፤ ሁለተኛውን የጥርስ ሐኪሙ በላው። ባሌ እንደ ሁዳዴ ጿሚ ሆዱ ተጣብቆ ሲገባ፣ «ለምን አትነግራቸውም?» ስለው፣ «ብሉ ካልኩ በኋላ ምን ብዬ?» አለኝ። ይሉኝታ የሚባለው በሽታ አገር ቤት ሁሉም ስለታመመው አይታወቅም። እዚህ ግን አንተ ብቻ ታመህ ሌላው ሁሉ ጤነኛ ነው።

የራሱን ሮኬት መቼም ሠራው፤ በኛ ሳሎን፣ ከሶፋው ጀርባ። ሲያልቅ ከኔ ይረዝማል፤ አፍንጫው ቀይ ነው። ረቡዕ ረቡዕ ከቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ቡድን እኛ ቤት ይሰበሰባል። አንድ ረቡዕ በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ገቡና ወዲያ ወዲህ ብለው ካፖርታቸውን ሮኬቱ ላይ ሰቀሉት። ከባድ ካፖርት ነው። ባሌ ካፖርቱን ማንሣት እሳቸውን ማዋረድ መሰለው። ጸሎቱ ሲጸለይ እኔም ዓይኔን ስላልጨፈንኩ አየሁት፤ አንድ ዓይኑን ገልጦ ክንፉን ይጠብቃል። ሲወጡ እናትየዋ፣ «ደህና መስቀያ ነው፤ ከየት ገዛችሁት ልጄ?» አሉት።

«ከአሌክሳንድርያ ነው እማማ» አላቸው ባሌ።

ሌሊቱን ክንፉ ሲላላ አድሮ ጠዋት እንደገና ሙጫ ቀባው። እኔ ተናድጄ ሥራ ሄድኩ።

የዓመቱ የመጨረሻ ሮኬት ማስነሻ ቀን ቅጠሉ ሲረግፍ ሆነ። ማሳው ከሮክቪል አልፎ ነው፤ በቆሎው ታጭዶ አገዳው እንደ ጦር ቆሟል። ባለማሳው መሬቱን ለቤት ሠሪዎች ሸጦታል፤ ክለቡ ሌላ ቦታ አላገኘም፤ መቼ እንደሚያገኝም የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ዛሬ ያልወጣ ሮኬት ሶፋ ጀርባ ቆሞ ካፖርት ሲሰቀልበት ይኖራል። ይህን ባሌም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ሰማዩ የተፈቀደላቸው ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ አውሮፕላኖቹ ይመለሳሉ።

እኛ ማንም ሳይመጣ ደረስን። ትልልቆቹን የሚሸከመው ወፍራም ዘንግ አንድ ብቻ ነበርና ወረፋ አለው። ባሌ አንደኛ ሆኖ ቆመ። ሮኬቱን እንዳቀፈ፣ ጫማው በጤዛ ርሶ፣ ሲያዩት የሚያሳዝን ደስታ ፊቱ ላይ ነበር።

ጢማሙ መጣ። ባሌ፣ «ማሳውን ያገኘኸው አንተ ነህ፤ ቅደም» አለው። ጢማሙ ቀደመ። ቀጥሎ በዕድሜ የገፋ በከዘራ የሚሄድ ሰው መጣ፤ ባሌ፣ «እባክህ፣ ከፊቴ» አለው። ይህንን እንኳ እኔም አደርገዋለሁ። ከሱ በኋላ አንዱ ንፋስ እንዳይነሣበት ቸኮለ፤ ይቅደም። አንዱ ሚስቱ መኪና ውስጥ በርዷታል፤ ይቅደም። ሁሉም «እርግጠኛ ነህ?» ይሉታል፤ እሱ ራሱን በአዎንታ ይነቀንቃል፤ እነሱም ያልፉታል። እዚህ አገር ሰው አንዴ የሰጡትን አንዴ ይወስዳል፤ ነውር የለበትም። አጥፊው ማን እንደሆነ ከኔ ይልቅ ማወቅ የነበረበት ባሌ ነው።

አንዱ ሮኬት እስኪነሣ ያለው ሥነ ሥርዓት ደግሞ ሰው ያስረጃል። ዘንጉ ላይ ያስገቡታል፣ ከሥሩ ሽቦ ያስሩለታል፣ ሁሉም ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ጢማሙ በድምፅ ማጉያ ስሙንና ቀለሙን ይናገራል፤ ከዚያ ሸበቶ ሁሉ በአንድ ድምፅ ወደ ታች ይቆጥራል። ዜሮ ሲሉ ምንም የለም። ሽቦው ተነቅሏል። እንደገና። ሲነሣ ደግሞ አፍ ከፍተው ሰማይ ያያሉ፤ ከዚያ የወደቀውን ለመልቀም በቆሎ አገዳ ውስጥ ተሠማርተው ሌላ ያን ያህል ጊዜ ይጠፋሉ።

ምሳ ሰዓት አልፎ፣ «አንተ፣ ወረፋው ላይ አንደኛ አልነበርክም እንዴ?» አልኩት።

«ነበርኩ።»

«ታዲያ?»

«አይ፣ አንተ ቅደም ይለኛል ብዬ ነው እኮ።»

«ማን? ጢማሙ? ሣህኑን ሲወስድ አንተ ቅደም ብሎህ ነበር?»

ሮኬቱን ወደ ሌላው ክንዱ አዛወረ። «አሁን ሰው የለም፣ ቀጥሎ እኔ ነኝ፣ አይዞሽ» አለኝ።

ይህን ሲለኝ የጥርስ ሐኪሙ እየሮጠ መጣ። ልጁን የልደት ግብዣ የሚያደርስበት ሰዓት ደርሶበታል፤ ይህችን ብቻ አስነሥቶ ይሄዳል። ባሌን አየው። ባሌ እኔን ፈጽሞ ሳያይ ዞር ብሎ አሳለፈው። ምላሴን ነከስኩ፤ እውነቴን ነው፣ ደም ቀመስኩ።

የጥርስ ሐኪሙ ሮኬት ወጣ። ያ ሁሉ ፓውደር የተነሰነሰለት ፓራሹት ግን አልተከፈተም። ሮኬቱ እንደ ተወረወረ ጦር አፍንጫውን ወደ ታች አድርጎ፣ እያፏጨ፣ ማሳው ጠርዝ ላይ ተሰካ። ሰውየው እናቱ የሞተችበት መሰለ። «ማን ያፈላልገኛል?» አለ። አንዱ ጫማውን አየ፣ አንዱ ሰዓቱን። ባሌ ሮኬቱን መኪናችን ኮፈን ላይ አስተኝቶ፣ «አሁን መጣሁ» ብሎኝ ሄደ።

አልመጣም። ጢማሙ በድምፅ ማጉያው፣ ወፍራሙ ዘንግ ላይ የመጨረሻ አንድ ሮኬት ይወጣል፣ ካለ ይምጣ አለ። ወረፋው ላይ ማንም የለም። ወደ ማሳው ተጣራሁ። ባሌ ከሩቅ እጁን አነሣልኝና መልሶ አገዳው ውስጥ አጎነበሰ። ደግሜ ተጣራሁ፤ የአበሻ ሴት እንደዚያ ስትጮህ ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ዞረው አዩኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ሮኬቱን እንደ ቡቃያ ልጅ ትከሻዬ ላይ አጋድሜ ወደ ጢማሙ ጠረጴዛ ሄድኩ።

«ባለቤቱ የት አለ?» አለኝ።

በአገጬ ማሳውን አሳየሁት። «ያንተን ጓደኛ ስብርባሪ እየለቀመ» አልኩት።

ሰዓቱን አየ፤ አፈረ መሰለኝ፤ ቢያፍርም ጢሙ ውስጥ ነው፣ አይታይም። «መጠበቅ አልችልም» አለ። «ባልሽ ሲመዘገብ አንቺንም በቤተሰብ አባልነት አስመዝግቦሻል፤ ማስነሣት ትችያለሽ። ግን ቁልፉን የተጫነ ሰው ነው የሚታወቅለት። በረራው ባንቺ ስም ይሆናል፤ እሱ ሌላ ማሳ እስኪገኝ እንግዳ ነው።»

ሙሉ አባልነቱን ውሻ ይብላው አልኩ በልቤ። ባሌ የጠየቀው ማየት ነው። ሰማይ ደግሞ ከየትም ቦታ ይታያል፤ ማሳ ጠርዝ ላይ ቆሞም ይታያል።

ጢማሙ ክንፎቹን ነቀነቀ፤ አልተነቃነቁም። ፓራሹቱ በደህና መታጠፉን ጠየቀኝ። ጠዋት ሲያጥፈው ፓውደሩን የያዝኩለት እኔ ነኝ አልኩት። ዘንጉ ላይ አስገባነው፣ ሽቦውን አሰረልኝ፣ ወደ ኋላ ሄድን። ከዚያ በድምፅ ማጉያው፣ ቀዩ አፍንጫ፣ ፕላን ማባዣ ሱቅ የሚሠራው ወዳጃችን የሠራው ብሎ ተናገረ። ድምፁ ማሳውን አቋርጦ ዛፎቹ ጋ ደርሶ ሲመለስ እኔም ሰማሁት። ሽበታሞቹ ቆጠሩ። ተጫንኩት።

መጀመሪያ ያየሁት እሳቱን ነው፤ ድምፁ ኋላ ደረቴን መታኝ። ሲነሣ አልተወላገደም፣ አልዘገየም። ቀጥ ብሎ፣ ነጭ ክር ከኋላው እየጎተተ፣ ወጣ፣ ወጣ፣ መርፌ አከለ፣ ጠፋ። ከዚያ ከላይ ትንሽ ጭስ ታየ፣ ቀጥሎ ያ ብርቱካንማ ጨርቅ ተዘረጋ። ተጨበጨበ። ጢማሙ ባርኔጣውን አወለቀ። ደስ አለኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ስንቃቸው ከርሜ ደስ አለኝ፤ ምን ላድርግ። ያን ጊዜ የባሌን ፊት ለማየት ወደ ማሳው ዞርኩ።

ጀርባውን ነው ያየሁት። አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ፊት ለፊቱ የጥርስ ሐኪሙ የሮኬቱን የተሰበረ አፍንጫ በእጁ ይዞ፣ ወዲያ ወዲህ እያወዛወዘው ይናገራል።

ሲመጣ የሰውየውን ስብርባሪ እንደ ማገዶ አቅፎ ነው የመጣው። ሰዎቹ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «እንኳን ደስ አለሽ» አለኝ ባሌ፤ ከልቡ ነው፣ ፊቱ ላይ ቅሬታ አልነበረም። የጥርስ ሐኪሙ ዕቃውን ከባሌ እጅ ተቀብሎ መኪናው ውስጥ ጫነና ወደ ልደቱ ሄደ።

መንገድ ላይ፣ «አየኸው?» አልኩት።

«ሰማሁት።»

«ሰማሁት ማለት ምን ማለት ነው?»

«በማጉያው ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ሲቆጥሩም ሰማሁ። ሲነሣ ደግሞ የኔ ሞተር መሆኑን በድምፁ ለየሁት። ጥሩ ድምፅ ነበረው።»

«ታዲያ አንገትህን ማቅናት አቃተህ?»

እጁ መሪው ላይ፣ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው። «ሰውየው እያወራኝ ነበር» አለኝ። «በጣም አዝኖ ነበር። ሰው ሐዘኑን እየነገረኝ እንዴት ፊቴን ላዙርበት?»

ጥቂት ከሄድን በኋላ፣ «እንዴት እንደወጣ ንገሪኝ» አለኝ። ነገርኩት። እሳቱን፣ ክሩን፣ የጠፋበትን ቦታ፣ ጨርቁ የተዘረጋበትን ነገርኩት። ቤታችን እስክንደርስ አንዴም ሳያቋርጠኝ አዳመጠኝ።